የደኅንነት ትምህርት አሰጣጥና የሕንፃ ሠራተኛ የአእምሮ ሸክም

ሕንፃ ማሠራት የጀመረ ነጋዴ ሁሉ የሲሚንቶውን፣ የፌሮውን፣ የአሸዋውንና የብሎኬቱን ሒሳብ ጠንቅቆ ያውቃል። ካፖው በቀን ስንት እንደሚቀበል፣ ግንበኛው ስንት ብሎኬት እንደሚደረድር፣ የጭነት መኪናው ዋጋ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ ከደብተሩ ላይ ሳያይ ይናገራል። ነገር ግን በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ሳይመዘገብ የሚቀር አንድ ጭነት አለ፤ ይኸውም ሠራተኛው ከባሬላው ጋር በራሱ ውስጥ ተሸክሞት ወደ ላይ የሚወጣው የሐሳብ ጭነት ነው። ከአደጋ ስለ መጠበቅ የሚሰጠው ትምህርት ይህን ጭነት ያቃልላል ተብሎ ይታመናል። በእውነቱ ግን እንደ አሰጣጡ ሊያቃልልም ሊያከብድም ይችላል፤ ለትምህርቱም ሆነ ለደኅንነት ዕቃው ገንዘብ የሚያወጣው ነጋዴ ስለ ሆነ ልዩነቱን ማወቅ ይገባዋል።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከመጀመር በአቅራቢያ ያለውን ማየት ይበጃል። በሐዲያ ዞን የሚሻ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ሞርሲቶን እንውሰድ። ከሐዲያና ከከምባታ ምድር ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘው የሚነግዱት ልጆች ለቤተ ሰቦቻቸው የሚልኩት ገንዘብ፣ በሆሳዕና በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉት ከተሞች የንግድ ቤት ማሠራትን እንዳበረታታ የታወቀ ነው። ሆሳዕናም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ዋና መቀመጫው ሆናለች። እንግዲህ በሞርሲቶ መንገድ ዳር አንድ ነጋዴ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ማደሪያ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያሠራል እንበል። ግንበኛውና ፌራዮው ከሆሳዕና፣ ምናልባትም ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ይሆናሉ፤ አሸዋ የሚያቀብለው፣ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ ባሬላ የሚይዘው ግን የአካባቢው የገጠር ልጅ ነው። እርሱ እንሰት መትከልና ስንዴ ማጨድ ያውቃል። የባሕር ዛፍ አጠናም ቢሆን ከቤቱ ባለቤት ይልቅ እርሱ ያውቀዋል፤ የትኛው እንደሚሸከምና የትኛው እንደሚሰበር ዐይቶ ይለያል። የማያውቀው ነገር፣ በዚያ አጠና ላይ በተቸነከረ ጣውላ፣ ከመሬት አራትና አምስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሁለት እጁ በሸክም ተይዞ መራመድን ነው።

በመጀመሪያው ጧት የሚሆነውን ልብ ብለን እንመልከት። ልጁ የማያውቃቸውን ሰዎች ስምና ማን ማንን እንደሚያዝ መያዝ አለበት። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ አካፋው የት እንደሚቀመጥ፣ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሳጥን አሸዋ እንደሚገባ ይነገረዋል። ከዚህም በላይ ቋንቋው አዲስ ነው። በቤቱ ሐዲይኛ ይናገራል፤ በሥራው ቦታ ትእዛዙ በአማርኛ ነው፤ የአማርኛውም ቃል ቢሆን ካፖ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሶሌታ፣ ባሬላ፣ ሞራሌ እየተባለ ከጣሊያን ቋንቋ ገብቶ በሕንፃ ሥራ ውስጥ የቀረ ነው። (አርማታ የሚለው ቃል ጣሊያኖች «የታጠቀ ሲሚንቶ» ከሚሉት የመጣ መሆኑን፣ ትጥቁም ፌሮው መሆኑን የሚያስታውስ ካፖ ዛሬ ብዙ አይገኝም።) በዚህ ሁሉ ላይ ካፖው ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሃያ የደኅንነት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ያነብባል፤ ስም ይጻፋል፤ ይፈረማል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ባሬላውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከሃያው ትእዛዝ ስንቱ አብሮት ወጣ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሰውን አእምሮ በሱቅ ብንመስለው ለነጋዴ ይቀለዋል። ሱቅ መጋዘን አለው፤ ባንኮኒም አለው። መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ ባንኮኒው ግን ጠባብ ነው፤ ደንበኛ የሚስተናገደው ደግሞ በባንኮኒው ላይ ነው። ሰው ለዓመታት የተማረውና እጁ የለመደው ሁሉ በመጋዘኑ ውስጥ ነው፤ አሁን የሚያስበውና የሚጠነቀቅለት ነገር ባንኮኒው ላይ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ባወጡት ስመ ጥር ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው፤ ቢበዛ ሁለት ይጨምራል፣ ቢያንስ ሁለት ይቀንሳል አሉ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ ዝቅ አድርገውታል። ሃያ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ በዚህ ባንኮኒ ላይ የሚያራግፍ ሰው፣ ሃያ ካርቶን ዕቃ በአንዲት ጠባብ ባንኮኒ ላይ እንደሚከምር የሱቅ ረዳት ነው፤ የላይኛው ካርቶን ይወድቃል፤ ከታች ያለውንም ማንም አያየውም።

በአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጆን ስዌለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ዓመተ ምሕረት ባሳተሙት ጥናት ይህን አሳብ ወደ ትምህርት አሰጣጥ አመጡት። ከእርሳቸውና ከባልደረቦቻቸው ሥራ እንደምንረዳው፣ በተማሪው አእምሮ ላይ የሚያርፈው ሸክም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ከራሱ ከሥራው ባሕርይ የሚመጣ ነው፤ በከፍታ ላይ መሥራት በራሱ ብዙ ነገር በአንድ ላይ መጠበቅን ይጠይቃል፤ ይህንንም ማንም አስተማሪ ሊያጠፋው አይችልም። ሁለተኛው ከመጥፎ አሰጣጥ የሚመጣ ነው፤ ትእዛዙ ለተማሪው በማይገባ ቋንቋ ሲነገር፣ ሥዕሉ በአንድ ገጽ ማብራሪያው በሌላ ገጽ ሲሆን፣ መሰላል እየተባለ መሰላል ሳይታይ ሲቀር የሚጨመር ከንቱ ሸክም ነው። የቀረው ደግሞ አዲሱን ነገር ከባንኮኒው አንሥቶ ወደ መጋዘኑ ለማስገባት የሚውለው ድካም ነው፤ ይህ ድካም ጠቃሚ ነው። ጥሩ አስተማሪ ከንቱውን ሸክም አስወግዶ፣ በተረፈው ቦታ ጠቃሚው ድካም እንዲገባ ያደርጋል። መጥፎ አስተማሪ ግን ባንኮኒውን በከንቱው ስለሚሞላው፣ ሠራተኛው የሰማውን ለማስታወስ እየታገለ እግሩ የሚረግጠውን ጣውላ ማየት ይተዋል። ሐሳቡ የተጨናነቀ ሰው የሚያየው በፊቱ ያለውን ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከበላዩ የሚወርደውን ብሎኬትና ከኋላው የሚመጣውን ፌሮ አያይም። እንግዲህ ለደኅንነት ተብሎ የተሰጠው ትምህርት ራሱ፣ ለዚያች ሰዓት ያህል፣ የአደጋ ተባባሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አንዳንዱ አንባቢ፣ በሰው ራስ ውስጥ ያለ ሸክም በምን ሚዛን ይመዘናል ይል ይሆናል። ሚዛኑ ከተገኘ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሳንድራ ሃርትና ሎውል ስቴቭላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ናሳ ለተባለው ለአሜሪካ የአየርና የጠፈር መሥሪያ ቤት ያዘጋጁትን መለኪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 አሳትመዋል። የተዘጋጀው ለአውሮፕላን አብራሪዎችና ለመሰሎቻቸው ሲሆን፣ ዛሬ በሆስፒታልም በሕንፃ ሥራም ይሠራበታል። መለኪያው ስድስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሥራው ምን ያህል ማሰብን ጠየቀህ፣ ጉልበትህን ምን ያህል ፈጀ፣ ጊዜው ምን ያህል አጣደፈህ፣ ሥራህን በምን ያህል አከናወንኸው፣ ይህን ለማድረግ ምን ያህል ጣርህ፣ ምን ያህልስ ተበሳጨህ ይላል። ሠራተኛው ለእያንዳንዱ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ በተሰመረ መስመር ላይ ምልክት ያደርጋል። እንደ አብራሪዎቹ መሣሪያና ወረቀት ሳያስፈልግ፣ አንድ ካፖ በምሳ ሰዓት እነዚህኑ ስድስት ጥያቄዎች በቃል ሊጠይቅ ይችላል፤ ሸክሙንም በጣት ያስቆጥር። የምንመክረው ግን ጥያቄው ብቻውን እንዳይቀር ነው፤ የአገራችን ሰው በሥራ ላይ ከበደኝ ማለትን እንደ ነውር ስለሚቆጥረው፣ ሁሉም «ምንም አይልም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ከጥያቄው ጋር ዓይንም ያስፈልጋል። ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ካልተደገመለት የማይንቀሳቀስ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር ሥራውን የሚያቆም፣ በመሰላሉ መካከል ቆሞ የሚያመነታ ሠራተኛ ባንኮኒው ሞልቶበታል።

አሁን ወደ አሰጣጡ ዘዴ እንምጣ። በአሜሪካ የኅብረተ ሰብ ጤና መጽሔት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት፣ ከ1971 እስከ 2003 የተደረጉ 95 ጥናቶችን ሰብስቦ የሥራ ደኅንነት ትምህርት ዘዴዎችን አነጻጽሯል። ዘዴዎቹን ተማሪውን በሚያሳትፉበት መጠን በሦስት መደባቸው፤ ንግግር፣ ፊልምና የታተመ ወረቀት በዝቅተኛው ደረጃ፣ ለተማሪው መልስ እየሰጡ ደረጃ በደረጃ የሚያስተምሩት በመካከለኛው፣ አሳይቶ ማሠራትና እየተነጋገሩ መለማመድ በከፍተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ተማሪው በይበልጥ በተሳተፈ መጠን ዕውቀቱ ከፍ እንደሚል፣ አደጋና ጉዳትም እንደሚቀንስ ጥናቱ ደምድሟል። ከላይ በባንኮኒው ምሳሌ የተናገርነው ምክንያቱን ያስረዳል። ዐይኑ ያየውንና እጁ የሠራውን ነገር ሠራተኛው በቃል አይሸከመውም፤ እጁ ራሱ ይይዝለታል።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1940 እስከ 1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሥራ የማያውቁ ብዙ ሰዎችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ስላስፈለጋቸው አራት ደረጃ ያለው የማስተማሪያ ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር፤ ተማሪውን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ፣ ከዚያም እየተከታተሉ ማረም። ሥርዓቱ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ካይዘን ለተባለው አሠራር አንዱ ምንጭ ሆነ፤ ካይዘንም ወደ እኛ መጥቶ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። በሐዲያና በከምባታ ቤት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት እናት ለልጅዋ እንሰት መፋቅን ያስተማረችው በዚሁ መንገድ ነው። ልጅቱ አጠገብዋ ተቀምጣ ታያለች፤ ቀጥላ ትሞክራለች፤ እናትየው እጅዋን ይዛ ታቃናታለች። ስለ መፋቅ ሃያ አንቀጽ አንብባ የፈረመች ልጅ የለችም።

ታዲያ በሞርሲቶው ሕንፃ ላይ ይህ እንዴት ይደረጋል? ካፖው ልጁን ወደ መሰላሉ ሥር ይወስደዋል። መሰላሉ ከላይ መታሰሩን፣ እግሩም በጠንካራ መሬት ላይ መቆሙን ያሳየዋል፤ ራሱ አንድ ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ከዚያ ልጁ ይወጣል። ከላይ ሲደርስ ጣውላው በሁለቱም ወገን መቸንከሩን በእግሩ ሳይሆን በእጁ ነቅንቆ እንዲያይ ያደርገዋል። በዚያ ጧት የሚማረው ይህን ብቻ ነው። ስለ ፌሮ መቁረጫ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ፣ ስለ ጉድጓድ መናድ የሚነገረው ወደዚያ ሥራ በሚገባበት ቀን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ መሰላሉን ሲወጣ የላይኛውን ገመድ ሳያስብበት ዐይቶ ያልፋል፤ ነገሩ ወደ መጋዘኑ ገብቷል፤ ባንኮኒው ለሌላ ነገር ተለቅቋል ማለት ነው። ይህ ለካፖው የሚፈጅበት ጊዜ ከንባቡ ብዙም አይበልጥም።

ሆኖም አሳይቶ ማስተማር ሁልጊዜ ቀላል ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። አሥራ አምስት እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ አሳይቶ «በል ሥራ» ማለት ከንባቡ የባሰ ግራ ያጋባል። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ ስዌለርና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ለጀማሪ የሚያቃልለው ዝርዝር ማብራሪያ ለዐዋቂው ሸክም እንደሚሆንበት አስረድተዋል። ዐዋቂው በመጋዘኑ ያለውን ነገር እንደገና በባንኮኒው ላይ እንዲያወጣ ስለሚገደድ ነው። ሃያ ዓመት የሠራን ግንበኛ ከትናንት ጀማሪ ጋር አሰልፎ መሰላል እንዴት እንደሚወጣ መንገር፣ ከክብሩ በቀር ጥንቃቄውንም ይነካበታል። እርሱን «ይህ መረማመጃ የት ላይ የሚሰበር ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሲመልስ ጀማሪውም አብሮ ይማራል። ነባር ግንበኛን በዚህ መንገድ የማስተማሩ ተካፋይ ማድረግ ርካሽ ከሆኑት ዘዴዎች ሁሉ የተሻለው ይመስለናል።

ቀጥሎ ስለ አዲሶቹ መሣሪያዎች ጥቂት እንናገር፤ አስመጪዎች የሚጠየቁበት ጉዳይ እየሆነ ነውና። ተማሪውን በኮምፒዩተር በተሠራ የሕንፃ ሥፍራ ውስጥ ያለ የሚያስመስል፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባል ዘዴ አለ። በእስራኤል አገር የተደረገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የታተመ ጥናት 66 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በክፍል ውስጥ በሥዕል እየተረዳ በሚሰጥ ትምህርት፣ ግማሾቹን በግድግዳ ሙሉ በሚታይ በዚህ ዘዴ አስተምሮ፣ ወዲያውና ከአንድ ወር በኋላ ፈተናቸው። አዲሱ ዘዴ በድንጋይ ማልበስና በአርማታ ሙሌት ሥራ በግልጽ በለጠ፤ የተማሪውንም ትኩረት ይበልጥ ይዞ አቆየ። በጠቅላላው የሥራ ቦታ ደኅንነት ግን ይህን ያህል ብልጫ አልታየበትም። ከዚህ የምንረዳው፣ መሣሪያው የሚጠቅመው አደጋው ባለበት ቦታ እውነተኛ ልምምድ ማድረግ በማይቻልበት ሥራ መሆኑን ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለሚያሠራ የሞርሲቶ ነጋዴ ግን መሰላሉም መረማመጃውም በደጁ ቆሟል፤ የሐሰቱን የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም።

ስለ ቋንቋ ከላይ በጥቂቱ ነክተናል፤ ጉዳዩ ግን ከዚያ የበለጠ ቦታ ይገባዋል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚሰማ ሰው አስቀድሞ ይተረጉማል፤ ከዚያ ያስባል፤ ከዚያ ይሠራል። በሰላሙ ጊዜ ይህ ትርጉም የሚወስደው ጊዜ አይታወቅም። ከላይ «ተጠንቀቅ!» ሲባል ግን ያቺ ቅጽበት ብዙ ናት። በሐዲያ ወጣቶቹ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሐዲይኛን የተማሩት በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈውን ረጅም ማስታወቂያ ከማንበብ ሥዕሉን ማየት የሚቀላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ የደኅንነት ማስታወቂያ የሚያሳትም ወይም የሚያስመጣ ነጋዴ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ አንድ ሥዕልና ቢበዛ ሁለት ሦስት ቃል ያድርግ። የአደጋ ጊዜ ጥሪዎቹ፣ ማለትም «ቁም»፣ «ራቅ»፣ «ከላይ» የሚሉት፣ ሠራተኞቹ በሚግባቡበት ቋንቋ አስቀድመው ተስማምተው የሚጠሩባቸው አጫጭር ቃላት ይሁኑ። በሆሳዕና ሐዲይኛ ሊሆን ይችላል፤ በዱራሜ ከምባትኛ ሊሆን ይችላል። ካፖው ቃላቱን ቢማር ክብሩ አይቀንስም።

ከቀኖች ሁሉ ከባዱ የሙሌት ቀን ነው። ሶሌታ የሚሞላበት ዕለት ሲሚንቶ ውኃ ከነካው በኋላ ጊዜ ስለማይሰጥ፣ ሥራው በአንድ ቀን እንዲያልቅ በዚያው ጧት ብዙ የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል። ማቦኪያው ይጮኻል፤ ባልዲና ባሬላ ይቀባበላል፤ ሠራተኛው በታሰረ ፌሮ ላይ ይራመዳል፤ ከሥሩ ያለው ድጋፍ አጠና ነው። ናሳ ከጠየቃቸው ስድስት ጥያቄዎች ሁሉም በዚህ ቀን ከፍተኛውን ምልክት ያገኛሉ። እንግዲህ በብዙ ቦታ አዲስ ሠራተኛ ትምህርት የሚሰጠውም፣ የሚፈርመውም በዚሁ ቀን ጧት ነው! ከዚህ የተሳሳተ ሰዓት ሊመረጥ አይችልም። የሚቻል ከሆነ ለሙሌት የሚመጡት ከአንድ ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተጠርተው መንገዱን ባዶ እጃቸውን ይመላለሱበት፤ የዚያን ጊዜ ሒሳብ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ካልተቻለ በጧት ሦስት ነገር ብቻ ይነገራቸው፤ በየት እንደሚወጡ፣ በየት እንደሚወርዱ፣ ማን «ቁም» ሲል እንደሚቆሙ። የቀረውን አስቀድመው የሚያውቁት ነባሮቹ ይጠብቁ፤ አንድ ነባር ለአራትና ለአምስት አዲሶች ይመደብ። አዲሶቹንም ወደ ሶሌታው ጫፍ ከመላክ ከታች በማቀበል ማሰለፍ ይሻላል።

ወጪውን በሚመለከት፣ ሕጉ ምን እንደሚል ማስታወስ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው፣ ሠራተኞች ከሥራቸው ጋር የተያያዘውን አደጋና ሊወሰድ የሚገባውን ጥንቃቄ በሚገባ እንዲያውቁ የማድረግ፣ የመከላከያ ዕቃም የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ የሚለው እንዲያውቁ ነው እንጂ እንዲፈርሙ አይደለም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይኸው አዋጅ ያዝዛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 2022 ባደረገው ጉባኤ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተራ አስገብቶታል። ስለዚህ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው የፊርማ ወረቀት፣ ሥራውን ለካፖ ሳይሰጥ የቀን ሠራተኛን በቀጥታ የቀጠረውን ባለቤት ያድነዋል ብሎ መተማመን አያዋጣም። ከሕጉም በፊት ለዕለት ጉርሱ ወጥቶ የሚወድቅ ልጅ የአንድ ቤት ምሰሶ መሆኑን ሞርሲቶ ላሉት አንባብያን መንገር አያስፈልገንም።

የደኅንነት ዕቃ ለሚያስመጡትና ለሚሸጡት አንድ ነገር እንጨምር። የራስ ቆብ ለመልበስ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም፤ የአገጩን ማሰሪያ ማጥበቅን ብቻ ነው። የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ ግን ሌላ ነው። በወገብ ብቻ የሚታሰረው ዓይነት የሚወድቀውን ሰው ራሱን ሊጎዳው ስለሚችል፣ አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመውደቅ ማቆሚያ እንዳያገለግል ከልክላለች፤ መላ አካልን የሚይዘው ነው የሚፈለገው። ይህ ግን ብዙ ማሰሪያ ስላለው ለጀማሪ እንቆቅልሽ ነው፤ የሚንጠለጠልበትም ነገር ጠንካራ መሆን አለበት። በቀጭን አጠና ላይ የተንጠለጠለ ቀበቶ ለሠራተኛው የሐሰት መተማመን ከመስጠት በቀር አይረባም። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ከካርቶኑ ጋር ሰጥቶ ከመሸኘት፣ ሻጩ በሱቁ ደጅ ገዢውን አልብሶ ቢያሳየው፣ ገዢውም ራሱ ሁለት ጊዜ አውልቆ ቢለብሰው፣ የሽያጩ ዋጋ ሳይጨምር ዕቃው እውነተኛ ዕቃ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ከዚያው ሱቅ የሚገዛውም በዚህ መንገድ የተስተናገደው ደንበኛ ነው።

በመጨረሻም ስለ መስቀል ሰሞን። ሐዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ሊያከብር ከየአገሩ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ አዲሱን ሱቅ ከፍቶ ለመታየት የማይፈልግ ነጋዴ የለም። በዚያን ሰሞን ሥራው በቁርጥ ይሰጣል፤ ቀኑ ይረዝማል፤ ካፖው ይቆጣል። ጊዜው ማጣደፉ ራሱ ከስድስቱ ሸክሞች አንዱ ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ደንብ ከማውጣትና አዲስ ሰው ወደ ላይ ከመስደድ መቆጠብ ይገባል። ከበዓሉ በኋላ የሚመለሱት ሠራተኞች ደግሞ መረማመጃውን ትተውት እንደ ሄዱ አያገኙትም። አጠናው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው የከረመ ነው፤ ሚስማሩ ዝጓል፤ ገመዱ ላልቷል። በተመለሱበት ጧት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ የሚቆምበትን ጣውላ በእጁ ነቅንቆ ይመልከት፤ የላላውን ለካፖው ያሳይ፤ ካፖውም እዚያው ቆሞ ያስቸንክር።